ባንዲራ ኪራይ አይከፍልም

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ አራተኛው ጎዳና ከሀሪሰን ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ «ቱል ቦክስ» የሚባል የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች መጠጥ ቤት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቸክ አርኔት የተባለ ሠዓሊ የቤቱን አንድ ግድግዳ ሙሉ ጠንካራ ሰውነት ባላቸው ግዙፍ ወንዶች ሞላው። ላይፍ መጽሔት በጁን 1964 ያንን ግድግዳ በሁለት ገጽ አትሞ ለመላው አሜሪካ አሳየው። በ1971 ቤቱ ለመልሶ ማልማት ፈረሰ። ሥዕሉ ያለበት ግድግዳ ግን ጣሪያና በር አጥቶ ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። በኋላም እሱም ሄደ።

የአንድን ሰፈር ባህል ስለማቆየት ሲነሳ ያ ግድግዳ ከፊቴ አይጠፋም። ሥዕሉን የሚወድ ሞልቶ ነበር፤ ቤቱን የሚያቆም ውል ግን ማንም አልነበረውም።

ዛሬ በዚያው አካባቢ፣ ሳውዝ ኦፍ ማርኬት ወይም በአጭሩ ሶማ በሚባለው ክፍል፣ በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ በ2018 የተቋቋመ «የቆዳና የኤልጂቢቲኪው የባህል ቀጠና» አለ (ኤልጂቢቲኪው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና የትራንስጀንደር ሰዎች የጋራ መጠሪያ ነው)። ወሰኑ በአንድ በኩል ሀዋርድ ጎዳና፣ በሌላ በኩል ሰባተኛ ጎዳና፣ በቀሩት ጎኖች የፈጣን መንገዶቹ ድልድዮች ናቸው። እዚያ ያለው ሥራ ለማንኛውም ከተማ ትምህርት ይሆናል፤ የተሳካውም ያልተሳካውም በግልጽ ስለሚታይ።

«የቆዳ ባህል» ሲባል ለአማርኛ አንባቢ መጀመሪያ የሚመጣው የጫማ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን እኛም ሌዘር ከምንለው ጃኬት ይጀምራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ፣ በወደብ ከተሞች የቀሩ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች የሞተር ብስክሌት ክበብ መመሥረት ጀመሩ፤ በ1954 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተቋቋመው ሳተርስ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በዚያ ዘመን ጌይ የሆነ ወንድ ሁሉ ሴታሴት ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ጃኬቱና ቦቱ «የለም፣ እኛ እንዲህ ነን» የሚል መልስ ነበሩ። በጊዜ ሂደት በዚያ ዙሪያ ሙሉ ሥርዓት በቀለ፤ የክበብ ምልክት፣ ማዕረግ፣ ታላቅ ለታናሽ የሚያስተምረው ደንብ፣ በስምምነት ላይ የቆመ የማዘዝና የመታዘዝ ወሲባዊ ልማድ፣ ከዚያም ትልቅ የበጎ አድራጎት ባህል። የወንዶች ብቻም አልነበረም፤ ሳሞይስ የተባለው የሌዝቢያኖች ማኅበር እዚያው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ1978 ተመሥርቷል። ጥቁርና ሰማያዊ መስመሮች፣ መሐሉ ላይ አንድ ነጭ፣ በጥጉ ቀይ ልብ ያለበት ባንዲራ የመጣው በ1989 ነው፤ ቶኒ ደብላዝ ቺካጎ ላይ ይዞት ቀረበ።

ለምን ሶማ? መልሱ ኪራይ ነው። መጋዘን፣ ጋራዥ፣ አነስተኛ ፋብሪካና ለነጠላ ሠራተኞች የሚከራዩ ርካሽ ክፍሎች የሞሉበት ሰፈር ነበር። ቀን በጭነት መኪና ይናወጣል፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ጭር ይላል። የመርከብ ጭነት በኮንቴይነር ሲተካ ሥራው ወደ ኦክላንድ ወደብ ሄደ፤ መጋዘኖቹም ባዶ ቀሩ። ሌሊት ሙዚቃ የሚያሰማ ቤት የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሰፊ ወለል፣ ወፍራም ግድግዳ፣ የሚከስ ጎረቤት የሌለበት። ፌቢስና ስተድ የተባሉት መጠጥ ቤቶች በ1966 ፎልሰም ጎዳና ላይ ተከፈቱ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰዎች ጎዳናውን «ታምረኛው ማይል» ይሉት ነበር።

ሰፈሩን ያጠፋው ኤድስ ነው ሲባል በብዛት ይሰማል። ኤድስ ያደረሰውን ማንም አይክድም፤ ባለቤቶቹንም ደንበኞቹንም ቀጥፏል፤ በ1984 የጤና ባለሥልጣናት ወንዶች ለወሲብ የሚገናኙባቸውን የመታጠቢያ ቤቶች ለማዘጋት ተነሡ። ነገር ግን ሰፈሩን ለዓመታት ያጠናችው አንትሮፖሎጂስት ጌል ሩቢን ደጋግማ እንዳሳየችው ቡልዶዘሩ ከቫይረሱ ቀድሞ ነው የመጣው። የየርባ ቡዌና መልሶ ማልማት የሰፈሩን ምሥራቃዊ ክፍል በ1960ዎቹና 70ዎቹ ጠረገው፤ የሞስኮን የስብሰባ ማዕከል በ1981 ተከፈተ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ፎልሰም አጠገብ የተነሣ እሳት ብዙ ቤቶችን በላ። ልዩነቱ ለሥራ ይጠቅማል፤ ምክንያቱን በሽታ ካልን የምንሠራው ሐውልት ነው፣ ምክንያቱን የመሬት ዋጋ ካልን የምንጽፈው ውል ነው።

የፎልሰም የጎዳና ትርኢትም ቢሆን መነሻው ይኸው ነው። በ1984 ካትሊን ኮኔልና ማይክል ቫሌሪዮ የተባሉ የሰፈር አደራጆች «ሜጋሁድ» ብለው ሲጀምሩት ዓላማው ለከተማው «ይህ ሰፈር የተጎሳቆለ ባዶ መሬት አይደለም፤ ሰው አለበት» ብሎ ማሳየት ነበር። ዛሬ በየዓመቱ በሴፕቴምበር የመጨረሻ እሑድ መቶ ሺዎችን የሚሰበስበው በዓል የተወለደው ማፍረስን ለመከላከል ነው ማለት ነው።

ወደ መሣሪያዎቹ ልግባ። የመጀመሪያውና ቀላሉ ስም መስጠት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ሰፈር ላይ ግን ስም ብቻውን ከመቃብር በላይ የሚውለው ሰፈሩ ራሱ መቃብር ሲሆን ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ሕግ ብልህነቱ ስሙን ከሁለት ነገር ጋር ማሰሩ ነው። አንደኛው፣ ቀጠናው ከከተማው የቤቶችና የማኅበረሰብ ልማት ቢሮ ጋር ሆኖ የባህል ታሪኩን፣ የመኖሪያ ቤት ሁኔታውንና ኢኮኖሚውን የሚያጠና፣ በየነጥቡ ደግሞ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚያስቀምጥ ሪፖርት ማውጣቱ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ በኖቬምበር 2018 መራጮች ባጸደቁት ድንጋጌ መሠረት ከሆቴል ክፍያ ላይ ከሚሰበሰበው 14 በመቶ ግብር ውስጥ 1.5 መቶኛ ነጥቡ ለኪነ ጥበብና ለባህል ይሄዳል፤ ከዚያ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለባህል ቀጠናዎች ሁሉ ይከፋፈላል።

እዚህ ላይ ሁለት ጉድለት አለ። 3 ሚሊዮኑ የአንድ ቀጠና አይደለም፤ የጃፓኖች፣ የላቲኖች፣ የፊሊፒኖች፣ የትራንስጀንደር፣ የጥቁሮች፣ ካስትሮ የተባለው የጌዮች ሰፈርና የሌሎችም ነው። ለአንዱ የሚደርሰው ሁለት ሦስት ሠራተኛ፣ አንድ ቢሮና ጥቂት ዝግጅት ይሸፍናል፤ ሕንፃ አይገዛም። ከዚያ የሆቴል ግብር እንግዳ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ በ2020 ወረርሽኙ ሆቴሎቹን ባዶ ሲያደርግ መጠጥ ቤቶቹም እርዳታው በጣም በሚያስፈልጋቸው ሰዓት ምንጩ ደረቀ። እንዲህ ያለ ፈንድ የሚያቋቁም ከተማ ቢያንስ የአንድ ዓመት ወጪ የሚሆን መጠባበቂያ በደጉ ጊዜ መለየት አለበት። ያለዚያ ጃንጥላው የሚዘረጋው በፀሐይ ብቻ ነው።

ስም ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ የእኛ ሰዎችም ያውቁታል። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ ያለው ሊትል ኢትዮጵያ ስሙን ያገኘው በ2002 ነው። ምልክቱ ተሰቅሏል፣ ቱሪስትም ይመጣል። ግን ምልክቱ የአንድም ምግብ ቤት የኪራይ ውል ውስጥ አልገባም፤ ሕንፃ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት ለምልክቱ ብሎ የሚቀንሰው ሳንቲም የለም። የሁለቱ ሰፈሮች ባህል የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ የኪራይ ውላቸው ግን አንድ ዓይነት ወረቀት ነው።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ልቆይበት።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተማ የንግድ ቤት ኪራይ ላይ ጣሪያ ማስቀመጥ አይችልም፤ በ1987 የወጣ የግዛቱ ሕግ ይከለክላል። ለዚህ ነው ሳን ፍራንሲስኮ በ2015 «የቆዩ ንግዶች መዝገብ» ብላ በማበረታቻ የዞረችው። 30 ዓመት የቆየ፣ ወይም የመፈናቀል አደጋ ካለበት 20 ዓመት ያለፈው ንግድ ይመዘገባል። ሲጀመር የነበረው ስሌት፣ ለንግዱ በሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ቁጥር ልክ በሰው 500 ዶላር፣ የ10 ዓመት ውል ለሰጠ አከራይ ደግሞ በስኩዌር ፊት 4.50 ዶላር በዓመት ነበር። 2,500 ስኩዌር ፊት ያለው መጠጥ ቤት አከራይ 11,250 ዶላር ያገኛል። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ገበያው በወር በስኩዌር ፊት አንድ ዶላር ብቻ ከፍ ቢል፣ አከራዩ ውሉን ባለመስጠቱ በዓመት 30,000 ዶላር ያተርፋል። ማበረታቻው የሚሠራው ከመጀመሪያውም ተከራዩን ለማስለቀቅ ላልፈለገ አከራይ ነው፤ እንዲህ ያሉ አከራዮች ደግሞ አሉ፤ መዝገቡ ለእነሱ ሲባል ዋጋ አለው።

ከዚያ የባሰው ወጥመድ ብዙ ሰው የማያየው የንብረት ግብር ነው። በ1978 በጸደቀው ደንብ መሠረት ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንድ ሕንፃ የግብር ግምት በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም፤ ሲሸጥ ግን በአንድ ቀን ወደ ገበያ ዋጋ ይዘላል። በ300,000 ዶላር የተገዛ መጋዘን ከ40 ዓመት በኋላ ለግብር የሚገመተው 662,000 አካባቢ ነው፤ መሠረታዊውን 1 በመቶ ብቻ ብንይዝ ግብሩ 6,600 ይሆናል። በ4 ሚሊዮን ሲሸጥ 40,000። የንግድ ውሎች አብዛኞቹ ግብርን፣ ኢንሹራንስንና ጥገናን ተከራይ ይክፈል የሚሉ ናቸው። ስለዚህ ሻጭና ገዢ ሲጨባበጡ፣ ኪራዩ ላይ አንድ ቁጥር ሳይነካ፣ ተከራዩ ላይ በዓመት ከ33,000 ዶላር በላይ ይወድቃል። በ8 ዶላር ሒሳብ ከ4,000 በላይ ቢራ ነው፤ የቢራው መግዣ ሳይታሰብ። «ኪራይ ተጨመረብን» ሲሉ የሚሰሙ ቤቶች አንዳንዶቹ የተጨመረባቸው ይህ ነው።

ስለዚህ ውል ሲፈረም የሚጠየቁት አንቀጾች እነዚህ ናቸው። ዘመኑ ቢያንስ 10 ዓመት ሆኖ በተከራይ ፈቃድ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ዓመት የሚታደስ፤ የዓመቱ ጭማሪ በቁጥር የተጻፈ፣ ለምሳሌ 3 በመቶ፤ «በገበያ ዋጋ» የሚል ቃል እድሳቱ ውስጥ ከገባ ያ እድሳት የለም ብሎ መቁጠር ነው። በሽያጭ ምክንያት የሚመጣ የግብር ጭማሪ በአከራዩ ላይ እንዲሆን፣ ካልሆነም በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲገባ። ሕንፃው ሲሸጥ ለተከራዩ መጀመሪያ እንዲቀርብ፣ መልስ ለመስጠትም ቢያንስ 90 ቀን እንዲኖር፤ 15 ቀን የሚሰጥ የቅድሚያ መብት ማስጌጫ ነው፣ ባንክ በ15 ቀን ብድር አያጸድቅም። ባንክ ሕንፃውን በዕዳ ቢወስደው ውሉ እንደሚቀጥል ባንኩ ራሱ የሚፈርምበት ወረቀት። አከራዩ ለማፍረስ ሲወስን ውሉን ማቋረጥ ይችላል የሚለው አንቀጽ እንዲወጣ። መጨረሻው ይረሳል፤ ውሉን ለሠራተኞች ማኅበር ወይም ለበጎ አድራጎት ድርጅት የማስተላለፍ መብት። ባለቤቱ ሲያረጅ ወይም ሲሞት ወራሹ ማን እንደሚሆን የሚወስነው ይህ አንድ መስመር ነው፤ የኤድስ ዘመን ይህንን በብዙ ሞት አስተምሯል።

ስተድ የዚህ ሁሉ ምሳሌ ነው። በ1987 ወደ ዘጠነኛና ሀሪሰን ማዕዘን የተዛወረው ቤት በ2016 ሕንፃው ሲሸጥ ኪራዩ ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን ተነገረው፤ የቀድሞው ባለቤት ሊተወው ሲል የሌሊት ሠራተኞች፣ አርቲስቶችና ደንበኞች ተሰባስበው የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱና ገዙት። በ2020 ወረርሽኙ መጣ። ማኅበሩ ያደረገው ነገር ለብዙዎች ሽንፈት ይመስል ነበር፤ በየወሩ ዕዳ ከመቆለል ቤቱን ዘግቶ ስሙንና አባላቱን ይዞ መውጣት። በ2024 ፎልሰም ጎዳና ላይ፣ ከተወለደበት ብዙም ሳይርቅ፣ እንደገና ተከፈተ። ስም፣ ዕቃና የሰዎች ስምምነት ካሉ ቤት ይቀየራል። ቤቱ ኖሮ ስምምነቱ ከሌለ ግን የሚቀረው መጠጥ መሸጫ ብቻ ነው።

የመጠጥ ፈቃዱም ራሱን የቻለ ሀብት ነው። ካሊፎርኒያ ጠንካራ መጠጥ የሚሸጥበትን ፈቃድ በካውንቲው ሕዝብ ቁጥር ትወስነዋለች፤ ስለዚህ አዲስ እንደ ልብ አይገኝም፣ ያለው ይሸጣል ይለወጣል። ቤት የዘጋ ሰው ፈቃዱን ለመንግሥቱ አስረክቦ እስከ አንድ ዓመት ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ዓመቱ እንዳያልፍ ቀኑን መቁጠር የባለቤቱ ፋንታ ነው። ወደ አዲስ አድራሻ ሲዛወር በሩ ላይ ማስታወቂያ 30 ቀን ይለጠፋል፣ ጎረቤት መቃወም ይችላል። የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ውሉ ከተፈረመ፣ ኪራይ መቆጠር ከጀመረ በኋላ ተቃውሞ ይመጣና ነገሩ ለወራት ይንጠለጠላል። ውሉ ውስጥ «ኪራይ የሚጀምረው ፈቃዱ ሲጸድቅ ነው» የሚል መስመር ካልገባ የተሰበሰበው ገንዘብ በሩ ሳይከፈት ያልቃል።

ሌላው ገዳይ ድምፅ ነው። በ1990ዎቹ መጋዘኖቹ ወደ መኖሪያ ሎፍት ሲለወጡ ሰዎች ሰፈሩን ለሕያውነቱ ብለው ገዙ፤ ሲተኙ ደግሞ ሕያውነቱ እንዲያቆም ጠየቁ። ከተማዋ በ2015 ያወጣችው ሕግ ጥሩ መልስ ነው። ከሙዚቃ ቤት በ300 ጫማ፣ ማለትም በ91 ሜትር ያህል ክልል ውስጥ አዲስ መኖሪያ የሚሠራ ሁሉ መጀመሪያ በመዝናኛ ኮሚሽኑ በኩል ያልፋል፤ ለሚገባው ተከራይ ወይም ገዢ ስለ ድምፁ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ቤቱ በፈቃዱ ልክ እስከሠራ ድረስ እነዚያ ነዋሪዎች እንደ ረብሻ ሊከሱት አይችሉም። በወረቀት ላይ እንከን የለውም። በተግባር ግን አልሚው የድምፅ ልኬቱን ማክሰኞ ማታ ያስለካል። ኮሚሽኑ ፊት የሚቀርብ የሰፈር ተወካይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ልኬቱ በየትኛው ሌሊት፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ፎቅ መስኮት ከፍታ እንደተሠራ ነው። ቅዳሜ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ያልተለካ ልኬት ተመልሶ ይሠራ።

ቤቱም የራሱ ግዴታ አለበት። የሳን ፍራንሲስኮ ደንብ የሚፈቅደው ከአካባቢው ድምፅ በላይ 8 ዲሲቤል ነው፤ ከሌሊቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት በሰው መኝታ ቤት ውስጥ ከ45 ማለፍ የለበትም። ግድግዳ አልፎ የሚሄደው ዘፋኙ አይደለም፣ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ነው፤ የ50 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ 7 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ግድግዳ ላይ ስፖንጅ መለጠፍ የተለመደ የገንዘብ ብክነት ነው፤ ስፖንጅ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ቤዝ አያቆምም። የሚያቆመው ክብደትና ክፍተት ነው። ሁለት በር፣ በመካከላቸው አነስተኛ መግቢያ፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት፤ በበሩ ዙሪያ የጎማ ማሸጊያ፤ ሰብዉፈሩን (የቤዝ ድምፅ ማጉያውን) ከወለል የሚለይ የጎማ ወይም የስፕሪንግ መቀመጫ፤ ዲጄው የማይደርስበት፣ በቁልፍ የተዘጋ የድምፅ መገደቢያ። ከዚያ ደብተር፤ በየሌሊቱ ሁለት ጊዜ በጎረቤቱ ወሰን ላይ ተለክቶ ሰዓቱና ቁጥሩ የሚጻፍበት። ክስ ሲመጣ የሁለት ዓመት ደብተር ያለው ቤትና «እኛ እንጠነቀቃለን» የሚል ቤት አንድ ዓይነት አይሰሙም።

ሐውልትና አደባባይ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምክንያቱም ይህ ክፍል ከሁሉም በተሻለ የተሠራ ነው። ሪንጎልድ በሚባለው ቀጭን መንገድ ላይ በ2017 የተከፈተው መታሰቢያ የቱል ቦክስን ሥዕል በጥቁር ድንጋይ መልሶታል፤ የድሮዎቹን ቤቶች ስም የያዙ ድንጋዮችና ሰፈሩን ያቆሙ ሰዎችን የሚያስቡ የነሐስ ቦት ጫማ ዱካዎች አሉበት። አሥራ ሁለተኛ ጎዳና ላይ፣ በ1981 ከተከፈተው ኢግል መጠጥ ቤት ፊት ለፊት፣ ኢግል ፕላዛ አለ። ሁለቱም የተሠሩት በአቅራቢያቸው አፓርትመንት ከገነቡ አልሚዎች በወጣ ገንዘብ ነው፤ በፕላዛው አልሚው ለከተማው መክፈል ያለበትን ክፍያ በሥራ ለወጠ። ዘዴው ግንባታውን ይሸፍናል፤ ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ድንጋዩን ማጠብ፣ ነፋስ የቀደደውን ባንዲራ መተካት፣ የተሰበረ አምፖል፣ ኢንሹራንስ፤ እነዚህ በየዓመቱ የሚመጡ ናቸው፣ የአልሚው ውል ግን አንድ ጊዜ ነው። ስምምነቱ ሲጻፍ የ10 ዓመት ጥገና በገንዘብ ተተምኖ መግባት አለበት።

ኢግል ራሱ በ2011 ተዘግቶ በ2013 ተመልሷል፤ በ2021 ደግሞ የከተማው ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ደስ የሚል ነው። ቢሆንም የቅርስ ሕግ የሚጠብቀው ግድግዳን ነው፤ ነገ ባለቤቱ ቡና ቤት ወይም ቢሮ ላድርገው ቢል ቅርስነቱ ብቻውን አያግደውም። መጠጥ ቤቶቹ ሄደው ድንጋዮቹ ቢቀሩ ነገሩ ሁሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።

የቀረው በጣም ትንሹና በጣም ፈጥኖ የሚጠፋው ነው፤ በሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው። በኤድስ ዘመን ቤተሰብ መጥቶ የልጁን ጃኬት፣ ደብዳቤና ፎቶ በቆሻሻ ከረጢት አውጥቶ የጣለበት ጊዜ ብዙ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ1985 የተመሠረተው የኤልጂቢቲ የታሪክ ማኅበር፣ ቺካጎ ውስጥ በ1991 የተመሠረተው የቆዳ ቤተ መዛግብትና ሙዚየም የተፈጠሩት በዚያ መካከል ነው። ዕቃ የሚረከብ ሰው ቢያንስ የሚከተለውን ማወቅ አለበት።

ቆዳ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀትና ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። እርጥበቱ ከ65 ካለፈ ይሻግታል፣ ከ40 ከወረደ ይሰነጠቃል። ምድር ቤትና ጣሪያ ሥር ሁለቱም ክፉ ቦታ ናቸው። ቅባት፣ ሰም፣ የኮርቻ ሳሙና አይነካውም፤ ለሚለበስ ጃኬት የሚጠቅመው ለሚቀመጠው መርዝ ነው፣ ቅባቱ አቧራ ይሰበስባል፣ ይጠቁራል፣ ይጣበቃል። የነሐስ ማያያዣ (ሪቬት) ያለበት ቆዳ ላይ አረንጓዴ ሰም የመሰለ ነገር ከወጣ ቅባቱ ከብረቱ ጋር እየተዋጋ ነው፤ በእንጨት ስንጥር በቀስታ ይነሣል። ቀይ ዱቄት የሚያራግፍ አሮጌ ቆዳ በአሲድ የተበላ ነው፤ እሱን ለባለሙያ መተው። ጃኬት በሽቦ መስቀያ አይሰቀልም፤ ትከሻው በጥጥና በጨርቅ የተሞላ ሰፊ መስቀያ፣ እጅጌው ውስጥ አሲድ የሌለው ወረቀት። ቦት ጫማ ውስጡ በዚያው ወረቀት ይሞላል። የላብ ነጭ ጨውና የቢራ ቆሻሻ አይታጠብም፤ ዕቃው የተኖረበት ለመሆኑ ማስረጃው እሱ ነው።

ብል ወይም ጥንዚዛ ከተጠረጠረ ዕቃው በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ከወጣ በኋላ ሙሉ ቀን ሳይከፈት ይጠበቃል፣ ያለዚያ ጤዛው ቆዳው ላይ ይወርዳል። ቆዳ የሚመስሉ የፕላስቲክ ልብሶች ከእውነተኛው ቆዳ ጋር አንድ ሳጥን አይገቡም፤ ከጊዜ ብዛት የሚያጣብቅ ዘይት ያወጣሉ። የቪኤችኤስ ካሴቶች ወረፋ መያዝ የለባቸውም፤ የማጫወቻው ማሽን ምርት በ2016 ቆሟል፣ ቴፑም ይበሰብሳል። መጀመሪያ የሚገለበጠው በሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው የቤት ቪዲዮ ነው።

ከሙቀትና ከእርጥበት ይልቅ ስህተቱ የማይመለሰው ግን ፈቃድ ላይ ነው። በ1985 ለክበቡ አልበም ፎቶ የተነሣ ሰው ለኢንተርኔት አልተነሣም። ቤተ መዛግብቱ የስጦታ ውሉ ላይ ሦስቱን ነገር ለየብቻ ማስፈረም አለበት፤ ማስቀመጥ፣ ለተመራማሪ ማሳየት፣ በድረ ገጽ ማውጣት። የአባላት ስም ዝርዝር ሰዎቹ በሕይወት እስካሉ ይዘጋል። ፊት የሚለይ ሶፍትዌር ባለበት ዘመን «ማን ያውቀዋል» አይባልም። በፎቶው ዳር የቆመው ሰው ቤተሰቡ ያለው አዲስ አበባ ወይም ሪያድ ሊሆን ይችላል፤ በኢትዮጵያም በሳዑዲም ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ወንጀል ነው። ስሙ የማይታወቅ ፊት ባለቤቱ እስኪገኝ በድረ ገጽ ላይ ባይወጣ የሚጎዳ የለም።

አሮጌ የክበብ ሰደሪያ ሲመጣ ፒኖቹና ጨርቅ ምልክቶቹ ይፈታሉ ወይ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ብረቱ ቆዳውን እየበላው ካልሆነ አይፈቱም። መፈታት ካለባቸው መጀመሪያ ሰደሪያው ፊቱም ጀርባውም ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ይነሣል፣ እያንዳንዱ ፒን ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቦታው በሥዕል ይመዘገባል። ባለቤቱ በሕይወት ካለ ሰደሪያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ መቅጃውን በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ከፍቶ፣ ከግራ ትከሻ ጀምሮ በተራ መጠየቅ ነው፤ ይሄኛው የት ነው የተሰጠዎት? ማን ሰጠዎት? ከጎኑ ያለው ባዶ ቀዳዳ የማን ነበር?